ሦስተኛው ጥያቄ

የኤልዳና ሥራ የሚጀምረው በሰላምታ ነው፤ ሰላምታውም አንድ ነው። "እንዴት አደሩ?" ትላለች። "ደህና" ይሏታል። አለቀ። ልጆች እንዴት ናቸው፣ ሙቀቱ እንዴት አድርጎዎታል፣ ያ ወገብዎ ተሻለዎት ወይ የሚባል ጣጣ የለም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ደንቡን ያወጣው "የመሪ ልማዶች" የሚባለው መመሪያ ነው፤ የሚያስጠብቀው ደግሞ ጆሮዋ ውስጥ የተቀመጠው ታዛቢ ነው። ታዛቢው አይቆጣም፣ አይመክርም። መሪ የጠየቀውን ደግሞ ሊጠይቅ ሲል "ቀጭ" ይላል፤ የክብሪት እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ያህል። በዚያ ዘመን መሪ የሆነ ሰው ሁሉ ያችን ድምፅ በእንቅልፉም ያውቃታል።

የምትሠራው ደብረ ብርሃን ነው፣ ጉም ከመስኮቱ የማይነሳ አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ስክሪን አለ። ጠዋት ጠዋት ስክሪኑ ላይ ሰባት ፊቶች ተራ በተራ ይበራሉ፤ ቡድኗ ናቸው። ሁሉም ቆላ ናቸው፣ በረሃው ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ የፀሐይ ማሳ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የመስተዋት መስክ፣ ይዘው። ይጠብቃሉ ይባላል እንጂ የሚጠብቁት ነገር የለም። የመስተዋቱን አቧራ የሚጠርጉት ማሽኖች ናቸው፤ ማሽኖቹ ሲበላሹ የሚጠግኗቸውም ማሽኖች ናቸው። ሰው የተቀመጠው ሕጉ በየማሳው ሰው ይኑር ስለሚል ነው። ኤልዳናም የተቀመጠችው ቡድን ካለ መሪ ይኑረው ስለሚል ነው። ከሰባቱ አንዱንም በአካል አግኝታ አታውቅም።

ደንቡን ያወጣው ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መካድ ነውር ነው። በእናቷ ጊዜ አለቃ ማለት "እሑድ ትገቢያለሽ አይደል?" ብሎ የሚጠይቅ፣ "አይመቸኝም" ሲሉት እየሳቀ ደግሞ የሚጠይቅ፣ ከዚያም ደግሞ የሚጠይቅ፣ ሰውን አድክሞ እሺ የሚያሰኝ ፍጡር ነበር። የእናቷ እሑዶች በሙሉ በእሺ ነው ያለቁት። ኋላ "ሰው አይ ካለ አይ ነው፤ ጥያቄ መደጋገም ጫና ነው" ተባለ፤ ሠራተኛውም እልል አለ። ሌሎቹም ልማዶች ደጋግ ናቸው። አመስግን፤ ስታመሰግንም የሠራውን ጠቅሰህ አመስግን። ሲናገር አታቋርጥ። በሰዓቱ ጀምር፣ በሰዓቱ ጨርስ። ኤልዳና ተፈትና ያለፈችባቸው ናቸው፤ ሌሎች መሪዎችንም አሠልጥናባቸዋለች፤ በስሟ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለም።

ችግሯ አባቷ ነው። አባቷ የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበር፤ አካፋ የያዘ ሰው ሲመራ ያረጀ። "ልጄ፣ ሰው መምራት ያማረሽ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠይቂ" ይላት ነበር። "ያገራችን ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ የሚመልሰው ለአንቺ ነው። ሁለተኛ ሲጠየቅ ለይሉኝታው ይመልሳል። ሦስተኛው ላይ ነው ለራሱ የሚመልሰው። ምሳ በልተሃል ወይ ብለሽ አንዴ ጠይቀሽ ከሄድሽ ስንቱን በረሃብ ትገያለሽ።" አባቷ ከሞተ ቆይቷል። ምክሩ ግን እንደ ጥርስ ሕመም አለሁ አለሁ ይላታል፣ በተለይ ጋሽ ማክቤልን ባየች ቁጥር።

ጋሽ ማክቤል ከቡድኑ ሁሉ ታላቅ ናቸው። ማክቤል የሚለው ስም በአንድ ወቅት የሕፃን ስም ነበር አሉ፤ አሁን ማክቤል ተብሎ ሲጠራ ቀና የሚለው ሽበታም ብቻ ነው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። የያዙት ማሳ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጨው ሜዳ ብቻ ነው። ድምፃቸው ለስላሳ፣ ነገራቸው በጨዋታ የተለወሰ፣ ብሶት ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ናቸው።

ማክሰኞ ማክሰኞ የጋራ ምሳ የሚባል አለ፤ እሱም ከልማዶቹ አንዱ ነው። ሰባቱም መሪዋም በየክፍላቸው፣ በአንድ ሰዓት፣ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ይበላሉ። ጋሽ ማክቤል ከመጉረሳቸው በፊት እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው "እንብላ" ይሉ ነበር። ከበላይ መልእክት መጣ፤ ሊፈጸም የማይችል ግብዣ በጋራ ምሳ ላይ ባይቀርብ ይመረጣል የሚል። ከዚያ ወዲህ "እንብላ" የሚሉት ድምፅ ሳያወጡ ነው። ኤልዳና ከንፈራቸውን እያየች በሆዷ "ይባርክ" ትላለች። በሆድ ለሚባል ነገር ታዛቢው ቀጭ አይልም።

ጳጉሜ የዝውውር ጊዜ ነው። ቆላ ካሉት አንድ ሰው ወደ ደጋ ይወጣል። የደጋው ጣቢያ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ የነፋስ ማማዎቹ ያሉበት ነው፤ አራት ሰው አንድ ቤት ውስጥ የሚኖርበት፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው "ይማርህ" የሚልበት። መሪዋ ሁሉንም በየተራ ትጠይቃለች፤ እፈልጋለሁ ካሉት ውስጥ ቆላ ብዙ የቆየው ይወጣል። ጋሽ ማክቤል ከሁሉም በላይ ቆይተዋል። የሚጠበቅባቸው አንዲት "አዎ" ብቻ ነበረች።

ባለፈው ጳጉሜ ጠየቀቻቸው። "አይ ልጄ፣ እኔ ምን ሆኜ" አሉ፤ "ለልጆቹ ስጪያቸው።" ይህን ብለው መስመሩን አልዘጉም። ሠራተኛ መልሱን እንደሰጠ ይዘጋል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ፣ ሰው ቤት ሄዶ "ጠግቤያለሁ" እያለ ከገበታው እንደማይነሳ እንግዳ። መልሱ ካንገት በላይ እንደሆነ የእናቱን ጡት የጠባ ሁሉ ያውቀዋል። ኤልዳናም አወቀችው። "እውነትዎን ነው?" ልትል አፏን ስትከፍት ቀጭ አለ። "ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ" ብላ ዘጋች። ወደ ደጋ የወጣው ኢዛና የሚባል ወጣት ነበር። እሱ ሲጠየቅ "አዎ፣ እፈልጋለሁ" አለ። በዚህ ደንብ ያደገ ልጅ ነው፤ የተጠየቀውን መለሰ፤ ምን ጥፋት አለበት።

ያን ዓመት እንቅልፍ አጣች ብል ውሸት ይሆንብኛል። ተኝታለች፤ በልታለች፤ ሥራዋንም በወጉ ሠርታለች። ብቻ ጠዋት የጋሽ ማክቤል ተራ ሲደርስ ዓይኗ መጀመሪያ እጃቸውን ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን "እንዴት አደሩ?" ስትላቸው ወደ ጎን ዞር ብለው "ቆይ እስቲ፣ ከልጅቷ ጋር እያወራሁ ነው" አሉ። ለማን እንዳሉ ስክሪኑ ላይ አይታይም። በዚያ ማሳ ላይ ከእሳቸው ሌላ ነፍስ ያለው ነገር እንደሌለ ግን ታውቃለች። ከዚያ ፈገግ ብለው ወደ እሷ ዞሩና ደህና ማደራቸውን ነገሯት።

የዚያኑ ዕለት ለበላይዋ ለአቶ ዮናታን አመለከተች። አቶ ዮናታን ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሰማው የለም።

"ችግር አለብኝ ብለዋል?" አላት።

"አላሉም።"

"ጠይቀሻቸዋል?"

"ጠይቄያቸዋለሁ።"

"ምን አሉ?"

"ደህና ነኝ አሉ።"

"እንግዲያው ደህና ናቸዋ።" አላት። "ኤልዳና፣ የሰው ቃል ካላመንን ምኑን ልናምን ነው? አይ ያለውን ሰው 'በልብህ አዎ ብለሃል' የሚል አለቃ ምን እንዳደረሰብን አንቺም ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። የእናቷ እሑዶች ትዝ አሏት። እውነቱ ያለው ከእሱ ጋር ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ብቻቸውን የሚያወሩት ሰው ግን ያሉት ከእሷ ጋር ነበር።

ደግሞ ያንን በረሃ በወሬ አይደለም የምታውቀው። በወጣትነቷ ማሳ ይዛ ኖራለች። ከማሳ የሚወጣው መስመር ወደ መሪው ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ አይደውልም፤ ሌላም አይደውልበትም። እዚያ ሳለች ድምጿን እንዳትረሳ ብላ የማሽኖቹን ቁጥር ጮክ ብላ ታነብ ነበር። የወጣች ዕለት ሁለተኛ እግሬ አይረግጠውም ብላ ማለች። አሁን ያለችበትም ቢሆን ያው ነው፤ ከሥራ ወጥታ ቤቷ ስትገባ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ስትጥል የሚሰማው የቁልፉ ድምፅ ብቻ ነው። ባል አላገባችም፤ ጎረቤቶቿን በበራቸው ቀለም እንጂ በስማቸው አታውቃቸውም። ግን ደብረ ብርሃን ቢያንስ መስኮቱ ሥር ሰው ያልፋል። ብርድ ልብስ ተከናንባ ቆማ የሚያልፈውን ማየት ትወዳለች።

ጳጉሜ ደረሰ። ደንቡ ግልጽ ነው። በዝውውር ጉዳይ አንድን ጥያቄ የደገመ መሪ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ የሠለሰ መሪ ከመሪነቱ ይነሳል። የሠራተኛው ቃል ግን የመጨረሻው ይያዝለታል፤ የሚቀጣው ጠያቂው ነው። ከመሪነት የተነሳ ሰው የሚመደበው ባዶ ወደ ሆነ ማሳ ነው። በዚያ ጳጉሜ ባዶ የሚሆነው የማን ማሳ እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ኤልዳና ይህን ሁሉ አውጥታ አውርዳለች። አልጠይቅም ብላ ወስና ነበር የገባችው፤ ይህንንም አልደብቅላትም።

ጋሽ ማክቤል ስክሪኑ ላይ ሲወጡ ከስተዋል። የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል።

"ጋሽ ማክቤል፣ ዘንድሮ ወደ ደጋ መውጣት ይፈልጋሉ?"

"አይ ልጄ፣ እኔ ምን ሆኜ" አሉ። "ሀያት አለች አይደል፣ ገና ልጅ ናት፤ እሷ ትውጣ።"

ሀያት ከቡድኑ ትንሿ ናት፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለውን ማሳ የያዘችው። ጋሽ ማክቤል ስሟን ጠርተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አልዘጉም። ኤልዳና "ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ" የሚለውን ጀመረችው፤ ስለ ከሚለው አላለፈም።

"እውነት አይፈልጉም?" አለች።

ቀጭ።

ሽማግሌው ደነገጡ። "ምነው ልጄ፣ ሁለቴ ጠየቅሽኝ እኮ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማባት እየተጠነቀቁ። "ተይኝ ግድ የለም። እዚህ ለምጄዋለሁ። ደግሞ በእኔ የተነሳ አንቺ ምን ልትሆኚ?"

ይኼኛው ለይሉኝታቸው ነበር። ኤልዳና የአባቷን ድምፅ ሰማች ልበል? አልሰማችም። የሰማችው ታዛቢውን ነው፤ ገና ሳትናገር ቀጭ ቀጭ ይል ጀምሮ ነበር።

"ጋሽ ማክቤል፣ በሞቴ" አለች። "ልውጣ ይላሉ ወይስ ይቅርብኝ?"

ዓይናቸው ወደ ጎን፣ ያን ዕለት ወደ ዞሩበት ቦታ ሄደና ተመለሰ።

"ልውጣ" አሉ። "ልውጣ ልጄ። ሰው ናፍቆኛል። ብቻዬን ማውራት ከጀመርኩ ቆየሁ። እሱስ ግድ የለም፣ ማን የማያወራ አለ። የሚያስፈራኝ መልስ መስማት መጀመሬ ነው።"

"ይውጡ" አለችና ዘጋች። ታዛቢው ጸጥ ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ቀጭ አላለባትም።

አቶ ዮናታን ውሳኔውን የነገራት ራሱ ነው። እስከዚያ ቀን አንቺ ይላት ነበር። "ወይዘሪት ኤልዳና፣ በስድስቱ ሠራተኞች ላይ ያሳዩት ብቃት የሚመሰገን ነው" አለ፤ ምስጋና የሠራውን ጠቅሶ ነውና። ከዚያ የምትሄድበትን ማሳ ነገራት። ፊቱ ጠቁሯል፤ ነገሩ እንዳልጣመው ያስታውቃል። "ይግባኝ ማለት ይፈልጋሉ?"

"አይ፣ ምን ያደርግልኛል" አለች። ያለችው እሱ ሲጨነቅ አይታ ነው። ብላም ጠበቀች።

"ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ" አለና ዘጋ።

ኤልዳና ብቻዋን ሳቀች። ሰው በገዛ አፉ እንዲህ ይታሰራል እንዴ፤ ያውም ነገሩን የምታውቀዋ እሷ።

በእሷ ቦታ የተሾመችው ሀያት ሆነች። ልጅቷ ርክክብ ላይ ዓይኗ ቀልቶ ነው የቀረበችው። "እትዬ ኤልዳና፣ ወላሂ እኔ ሹመቱን አልጠየቅኩም" አለች።

"አውቃለሁ ሀያትዬ። እናትሽን የምትረጂው አንቺ ነሽ አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ደንቡን ጠብቂ። እንደኔ እንዳትሆኚ። አንዴ ጠይቂ፣ አመስግኚ፣ ዝጊ።"

"እርስዎንም?"

"እኔንም" አለቻት ኤልዳና። ምክሯን የሰጠችው ከልቧ ነው።

ወደ ቆላ የሚወስዳት መኪና ሹፌር የለውም፤ ጨዋታም የለውም። አዋሽ ሲደርስ ቻርጅ ለማድረግ ቆመ። ሙቀቱ በሩን ስትከፍት ፊቷን መታት። ከማዶው መስመር፣ ወደ ላይ የሚወጡት መኪኖች የሚቆሙበት ጥላ ሥር፣ አንድ ሽማግሌ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል። ኤልዳና መኪና ውስጥ ገብታ ልትደበቅ ፈለገች፤ ግን አዩዋት።

"ኤልዳና ነሽ?" ብለው ተነሡ። "እንዲህ አጭር ነሽ እንዴ? ተቀምጠሽ ብቻ እያየሁሽ ረጅም ትመስይኝ ነበር።"

አቀፏት። ትከሻቸው አጥንት ብቻ ነው። ሰላምታውን በወጉ አወረዱት፤ ጤናሽ፣ ብርዱ፣ ሥራው፣ ጎረቤት፣ እያሉ፣ እሷም እያንዳንዱን እየመለሰች፣ መልሳ እየጠየቀች፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመሩ። ማንም አላቋረጣቸውም። ከሻንጣቸው ኪስ ዳቦ ቆሎ አውጥተው እጃቸውን ዘረጉና ጮክ ብለው "እንብላ" አሉ።

"ይባርክ" አለች።

"እንብላ እንጂ።"

"ኧረ ጠግቤያለሁ ጋሼ።"

"በሞቴ" አሉ፤ ያን ጊዜ ዘገነች። ለካ ርቧታል።

"ወዴት ነው መንገዱ?" አሏት እየቆረጠሙ።

የተፈረደባትን ገና አልሰሙም፤ እውነቱን ብትነግራቸው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቆላ እንደሚመለሱ ታውቃለች። እንኳን እሳቸው፣ በእሳቸው ቦታ ያለ ማንም ሰው ያደርገው ነበር። "ለጉብኝት ነው" አለች። "ማሳዎቹን ባይ ብዬ።"

"ተባረኪ። መሪ ቆላ ሲወርድ ገና ዛሬ አየሁ።" ደስ አላቸው። "የእኔ ቤት ስትገቢ ሁለት ወንበር ታያለሽ። አንደኛው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሁለተኛውን ከዕቃ ሣጥን ራሴ ነኝ የሠራሁት። እሱ ላይ አትቀመጪ፣ አንድ እግሩ ደካማ ነው። ለእንግዳ ብዬ ነበር።"

"እንግዳ ይመጣ ነበር?"

"ከየት ይመጣል" አሉ፤ ዳቦ ቆሎውን መዳፋቸው ላይ ገላበጡት። "ወንበሩን ስሠራው አንድ ሰው ሊመጣ ያለ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ማፍረሱ አስፈራኝ።"

ከዚያ አዩዋት። በስክሪን ሲያዩዋት የኖሩትን ፊት አሁን ከቅርብ አዩት። በመኪናው ውስጥ ያለውን ሻንጣዋንም ሳያዩት አልቀሩም፤ ለጉብኝት የሚሆን ሻንጣ አልነበረም።

"ደህና ነሽ ግን?" አሉ።

"ደህና ነኝ ጋሼ።"

መቆርጠማቸውን ተዉት። "ኤልዳና። እውነት ደህና ነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔ ምን ሆኜ" አለች። አንደበቷን ሰማችው፤ የራሳቸው ቃል ነበር፣ እኔ ምን ሆኜ። ጋሽ ማክቤልም የሰሙት መሰላት። እጇን ያዙና አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ መኪናቸው ጠራቸው፤ መነሻው ደርሷል፣ ይግቡ ይላል። ቆይ ቢባል የማይቆይ ነገር ነው። ልጅቷ መሪያቸው ናት፤ በእሳቸው መዘግየት እንዳትጠየቅ ብለው ነው መሰለኝ፣ እየተንደረደሩ ገቡ። በሩ ተዘጋ። በመስተዋቱ ውስጥ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ ድምፁ ወደ ውጭ አይወጣም። ሦስተኛውን እየጠየቋት ነበር። ኤልዳና በመንገዱ ዳር ቆማ ራሷን ነቀነቀች። አዎ ትበል አይ ትበል እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም። መኪናው ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው፣ ሰው ወዳለበት ቤት ወጣ።

የማሳው ቤት አንድ ክፍል ነው። ከበሩ ውጭ መስተዋቶቹ፣ ከመስተዋቶቹ ወዲያ ጨው። ክፍሉ ተጠርጓል፤ የመጪውን ሰው ፊት ባያውቁም ውኃ ቀድተውለት ነው የሄዱት። ሁለቱ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ጉልበት ከጉልበት በሚነካካበት ርቀት፣ ሁለት ወዳጆች ነገር ሲጫወቱ ቆይተው ለአፍታ ብድግ ያሉ ነው የሚመስለው። ኤልዳና የመሥሪያ ቤቱ የብረት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሣጥኑን ወንበር ልታነሳው ፈለገችና ተወችው።

በማግስቱ ስክሪኑ በራ፤ ሀያት ናት። ጠረጴዛው ያው ነው፤ ከኋላዋ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ጉምም ያው ነው።

"እንዴት አደሩ እትዬ ኤልዳና?"

"ደህና አደርኩ።"

"የውኃውን ልክ በሰዓቱ ስላስመዘገቡ አመሰግናለሁ።" አለች ልጅቷ። "የሚያስፈልግዎ ነገር አለ?"

አለ። ብዙ ነገር አለ። ገና በመጀመሪያው ጀምበር ግድግዳው እየቀረበባት ነው፤ ያ የወጣትነቷ ፍርሃት ከጨው ማዶ ተነሥቶ እየመጣ ነው፤ ቢቻል ሰው ድምፁን ሳይዘጋ ትንሽ እንዲቆይላት ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ ለመናገር ነበር አፏን የከፈተችው።

"አይ ሀያትዬ፣ ምን ጎድሎኝ" አለች።

ብላ አልዘጋችም። እጇን አየችው፤ ሳታውቀው ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል። ሀያትም እጇን አየች። ከንፈሯ ተላቀቀ፤ ትንፋሽ ሳበች፤ ከዚያ ዓይኗ ድንገት ጨፈን ገለጥ አለ። ጆሮዋ ውስጥ ምን እንደተሰማ ኤልዳና ታውቃለች። "እንደኔ እንዳትሆኚ" ያላት ራሷ ናት።

"ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ" አለች ልጅቷ። ስክሪኑ ጠፋ።

ኤልዳና አልተቀየመቻትም። በማን ትቀየማለች? ውጭ ማሽኖቹ መስተዋቱን ሲጠርጉ ይሰማል። ወንበሯን ወደ ሣጥኑ ወንበር አዞረች። ሁለቱን ጋሽ ማክቤል አዋሽ ላይ ጠይቀዋታል፤ የቀረው ያልተሰማው ሦስተኛው ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ኤልዳና፣ በሞቴ" አለች ጮክ ብላ። "ደህና ነሽ ወይ?"

"አይደለሁም" አለች። "ፈርቻለሁ። ሰው ናፍቆኛል።"

አለችና ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች፤ ቀጭ የሚል እንኳ አልነበረም።